ኤግላንታይን ጀብ፡ የሕፃናት ጠበቃ

ልጅ ሳለሁ በሠፈራችን የእርዳታ ዱቄትና ዘይት የሚታደለን ፎቶ ከተነሣን በኋላ ነበር። ፊታችንን ሳንታጠብ እንድንመጣ ሁሉ ይነገረን ነበር። ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለክፍል ሥራ የአንድ በጎ አድራጊ ሕይወት እንድናጠና ስንታዘዝ ኤግላንታይን ጀብን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። የተራቡ ሕፃናትን ፎቶ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዷ እሷ ናትና።

ጀብ እ.ኤ.አ. በ1876 በእንግሊዝ አገር፣ ሽሮፕሽር ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደች። በኦክስፎርድ ታሪክ አጥንታ ለጥቂት ጊዜ አስተማሪ ሆነች። የሚገርመው ግን ከልጆች ጋር መዋሉ ብዙም አልሆነላትም። ማስተማሩን ትታ የካምብሪጅ ከተማን ማኅበራዊ ችግር አጠናችና ጥናቷን በ1906 አሳተመች።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ቢያበቃም እንግሊዝና አጋሮቿ ወደ ጀርመንና ኦስትሪያ ምግብ እንዳይገባ ያደረጉትን እገዳ ወዲያው አላነሱም። በ1919 ጀብ የተራቡ የኦስትሪያ ሕፃናት ፎቶ ያለበትን ወረቀት በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ስታድል ተያዘች። ጥፋቷ ወረቀቱን ለሳንሱር ሳታቀርብ ማሰራጨቷ ነበር። ፍርድ ቤቱ 5 ፓውንድ ቀጣት። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ግን ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት! በዚያው ወር ከእህቷ ከዶሮቲ በክስተን ጋር ሴቭ ዘ ችልድረንን መሠረተች። ትናንት ጠላት የተባለ አገር ልጅ ይመገብ ማለት ያኔ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በ1921 ሩሲያ በረሃብ ስትመታም ድርጅቱ በመርከብ ምግብና መድኃኒት ላከ።

ጀብ ግን በዚህ አላበቃችም። በ1923 አምስት ነጥቦች ያሉት የሕፃናት መብት መግለጫ አረቀቀች። በችግር ጊዜ አስቀድሞ መረዳት ያለበት ሕፃን ነው የሚለው ከአምስቱ አንዱ ነው። የመንግሥታት ማኅበር መግለጫውን በ1924 ተቀበለው። እሷ በ1928 በ52 ዓመቷ ጄኔቭ ላይ ብታርፍም ሐሳቧ አልሞተም፤ በ1989 ለጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት መሠረት ሆኗል። አገራችንም ስምምነቱን በ1991 አጽድቃለች።

እንግዲህ ጥናቱን ስጀምር በጀብ ልፈርድባት ነበር። ለካ እሷ በፎቶ ጀምራ በመብት ነው የጨረሰችው። እርዳታ በአዘኔታ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ልጁ ማሳዘን አለበት፤ መብቱ ከሆነ ግን ፊቱን ታጥቦ ይመጣል። ነገ በየድርጅቱ የምንሠራ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ይህን ባንረሳው ጥሩ ነው። ልጅ ታጥቦም ይርበዋል።