ጃንሆይ እና የኢትዮጵያ የወረቀት ብር

(ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ)

በቅርቡ እዚህ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ አንድ ወገናችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር። ከግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለች አሮጌ የአንድ ብር ኖት አየን። በግራ በኩል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል አለ፤ መሃሉ ላይ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ይታያል። እዚሁ የተወለደው የቤቱ ልጅ ሰውዬው ማን እንደሆኑ ጠየቀ። ሌሊቱን በቁማር ቤት ዶላር ሲቆጥር ያደረው አባቱ፣ ንጉሣችን ነበሩ ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ልጅና ለመሰሎቹ ነው።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ሲወለዱ፣ የአገራችን ገበያ የሚንቀሳቀሰው በአሞሌ ጨውና የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት ጠገራ ብር ነበር። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ባላገሩ ከጠገራው አልተላቀቀም። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን መርቀው ከፈቱ። በወሩ የተፈሪ አባት ራስ መኮንን አረፉ። ልጃቸው ገና 14 ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ያ ባንክ ስሙ የእኛ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ሌላ ነበር። የ50 ዓመት ውል የተሰጠው ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ ከጀርባው የእንግሊዝ ካፒታል ነበረበት። የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብትም የዚሁ ባንክ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኖቶች የወጡት በ1907 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ስላረፉ አላዩዋቸውም። በኖቶቹ ላይ የንጉሥ ፊት አልነበረም፤ በባለ 5ቱ አጋዘን፣ በባለ 10ሩ ነብር፣ በባለ 100ው ዝሆን ነበር የታተመው። ጠገራውን አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ የሚቀበለው ባላገር ወረቀቱን አላመነውም። ኖቶቹ ከከተማ ነጋዴ እጅ ብዙም አልራቁም።

ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ከዘውዱ በኋላ ቀድመው ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ባንክ ነበር። ገንዘቡን ሌላ እያተመለት ነፃ ነኝ የሚል መንግሥት ነፃነቱ ጎደሎ መሆኑን ተረድተውታል። ስለዚህ 235,000 ፓውንድ ካሣ ከፍለው የአቢሲኒያ ባንክን ገዙትና በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። በ1925 ዓ.ም. በወጣው ባለ ሁለት ጠገራ ኖት ላይ የእሳቸውና የእቴጌ መነን ምስል ጎን ለጎን ታተመ።

ይህ ሁሉ ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባ። ባንኩን አፍርሶ ሊሬውን በሕዝቡ ላይ ጫነ። ጃንሆይ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በገንዘብ እጥረት ጭምር እየተቸገሩ ስደትን ቀመሱ። የስደት ኑሮ ምን እንደሚመስል ለእኛ አንባቢያን መንገር አያስፈልግም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። ረዳን ያሉት እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግን ሕጋዊ ገንዘብ አስደረጉ። ጃንሆይ ግን ሽልንጉን ተቀብለው አልተቀመጡም። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በ53ኛ የልደት በዓላቸው ዕለት፣ ኢትዮጵያ የራሷን ገንዘብ አወጣች። ስሙ በአማርኛ ብር፣ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ነበር። ኖቶቹ የታተሙት እዚሁ አሜሪካ ነው። ብር ወዳዱ ሕዝብ ወረቀቱን እንዲለምድ፣ አሜሪካ ባቀረበችው ጥሬ ብር ፊላደልፊያ ላይ የተቀረጸ ባለ 50 ሳንቲም አብሮ ወጣ።

በባለ 1 ብሩ ላይ አራሹ ገበሬ ታተመ። በባለ 5 ብሩ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር፣ በባለ 10 ብሩ አራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ ያለው የምኒልክ ሐውልት፣ በባለ 50 ብሩ ደግሞ ምክር ቤቱ ነበር። በሁሉም ላይ ግን የጃንሆይ ፊት አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽ መናገር ይገባናል። በኖቶቹ ላይ የባንኩ ገዥ ሆኖ የፈረመው ጆርጅ ብላወርስ አሜሪካዊ ነበር። ምክር ቤቱም ሕንፃው በብር ላይ ይታተም እንጂ ንጉሡን የሚጠይቅበት ሥልጣን አልነበረውም። ጃንሆይ ገንዘቡን ከባዕድ እጅ አውጥተው የአገር አድርገዋል፤ ይህ ውለታቸው አይካድም። አገሪቱን ግን ከአንድ ሰው ፊት ጋር አጣበቋት።

የዚህም መዘዝ በመጨረሻ ታየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከዙፋን አወረዳቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በድብቅ ተቀበረ። ያም ሆኖ ከገደላቸው መንግሥት ደመወዝ የሚቀበለው ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በላይ የእሳቸውን ፊት እየቆጠረ ወደ ኪሱ ሲከት ቆየ። ደርግ ኖቶቹን የለወጠው ገና በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ነበር። አፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ደግሞ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው።

ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በብራችን ላይ የገዥ ፊት አልታተመም። ይህ በጎ ልማድ ነው እንላለን። ያ ከበሬዎቹ ጋር የነበረው ገበሬ ግን በ1989 ዓ.ም. በወጣው ባለ 100 ብር ኖት ላይ ተመልሶ መጣ። ከአንድ ብር ወደ መቶ ብር ማደጉ ሹመት ይሁን የኑሮ ውድነት ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን። ለዚያ ልጅ ግን መልሳችን ይህ ነው፦ በግራ ያሉት ሰውዬ ያችን ብር የአገር እንድትሆን ያደረጉ ንጉሥ ናቸው፤ መሃል ላይ የምታየው ግን ባለቤቷ ነው።

ቸር ይግጠመን።