ሃምሳ አለቃ አልቪን ዮርክ፤ ኑሮውና የሕሊናው ጥያቄ

ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ በዮርዳኖስ ዳር ሲያስተምር ጭፍሮች ቀርበው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በጠየቁት ጊዜ፥ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ ጭፍርነታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ አላዘዛቸውም። ቆርኔሌዎስም የመቶ አለቃ ሳለ ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር ዐርጎለታል። ይሁን እንጂ ቅዱስ ባስልዮስ በቀኖናው፥ በጦር ሜዳ ሰው የገደለ ወታደር እንደ ነፍሰ ገዳይ ባይቈጠርም እጁ ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ርቆ ቢቈይ መልካም እንደሆነ አመልክቷል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ መያዝ ለመምህርም ለምእመንም ከባድ ነው። ይህን ክብደት ተሸክሞ እስከ ሽምግልና የኖረ የአንድ ገበሬ ወታደር ታሪክ ስላለ፥ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን።

ሰውየው አሜሪካዊው ሃምሳ አለቃ አልቪን ዮርክ ነው። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ወገን ስላልሆነ ስለ ሥርዓተ እምነቱ ለመመስከር አልተነሣንም፤ የምንናገረው ስለ ሕሊናውና ስለ ኑሮው ነው። የዓመቱም ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ዮርክ በታኅሣሥ 13 ቀን 1887 ዓ.ም. በቴነሲ ክፍለ ሀገር፥ ፖል ሞል በምትባል በተራራ መካከል ባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭና ገበሬ ነበረ፤ ልጆቹም 11 ነበሩ። ቤቱ ድኻ ስለነበረ አልቪን ትምህርት ቤት የዋለበት ጊዜ ተጠራቅሞ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ከአባቱ ጋር ጫካ ለጫካ ሲያድን አድጎ የጠመንጃ ዒላማ የማይስት ሰው ሆነ። በ1911 ዓ.ም. አባቱ ሲሞት የእናቱና የታናናሾቹ ሸክም በትከሻው ላይ ወደቀ። ሥራውን አላጓደለም፤ ግን በመጠጥ፥ በቁማርና በጠብ የታወቀ ጐረምሳ ሆነ። እናቱ ታለቅስና ትመክረው ነበር። በኋላም በ1915 ዓ.ም. መባቻ ወደ ጸሎት ቤት ገብቶ ያን ሁሉ በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ተወው። ከዚያ ወዲያ ወደ መጠጡም ወደ ቁማሩም አልተመለሰም። ልማድን በአንድ ቀን መጣል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ንስሓ የሚያናዝዙ አባቶች ያውቁታል።

የገባባት ማኅበር ጦርነትን የምትቃወም ትንሽ ማኅበር ነበረች። በ1917 ዓ.ም. አገሩ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ዮርክም ለውትድርና ተመዘገበ። መዋጋት እንደማይፈልግ በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ጻፈ፥ ከውትድርና ነጻ ይሆንም ዘንድ አመለከተ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በኅዳር ወር ተጠርቶ በጆርጂያ ወዳለው የጦር ሰፈር ሄደ። በዚያም ለአለቆቹ ጠመንጃ መያዝ እንደማያስፈራው፥ ሰው መግደል ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዝ ጋር እንዴት እንደሚስማማ እንዳልገባው ገለጸላቸው።

እንደ ልማዱ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ወታደር ይታሰር ወይም ይሰደብ ነበር። ሻለቃው በክስተን ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበረ። ወታደሩን ወደ ክፍሉ አስጠርቶ መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቶ አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲመልስ ሌሊቱን ተነጋገሩ። ሻለቃው ካነበበለት ክፍል ዋናው የትንቢተ ሕዝቅኤል 33ኛው ምዕራፍ፥ ስለ ጕበኛው የተጻፈው ነው። በዚህ ላይ አንድ ቃል እንጨምር፤ በመጽሐፉ ጕበኛው ነቢዩ ራሱ ነው፥ መለከቱም ተግሣጽ ነው፤ ሰይፍ አንሣ የሚል ትእዛዝ እዚያ ውስጥ አይገኝም። የሻለቃው ትርጓሜ በእኛ ጉባኤ ቤት ቢቀርብ መምህሩ ዝም ብሎ አያሳልፈውም ነበር። ቢሆንም በበታቹ ሕሊና ላይ በሥልጣኑ አለመርገጡ የሚመሰገን ነው፤ ለዚያ ወታደር የጠቀመውም ከትርጓሜው ይልቅ ይኸው አክብሮት ይመስለናል።

ዮርክም የ10 ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ መንደሩ ተመለሰ። ወደ ተራራው ወጥቶ ሲጸልይ ከቈየ በኋላ፥ የተገፉትን ለማዳን ቢዋጋ እግዚአብሔር እንደማይተወው አምኖ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

በጥቅምት 8 ቀን 1918 ዓ.ም. ጧት በፈረንሳይ አገር በአርጎን ዱር፥ ሻቴል ሼሔሪ በተባለ መንደር አጠገብ ክፍለ ጦሩ የባቡር ሐዲድ ለመያዝ ሲጓዝ ከኰረብታው የሚተኰሰው መትረየስ ሰዉን እንደ ሣር አጨደው። ዮርክ ያለበት የ17 ሰው ቡድን በስተጀርባ ዞሮ ጀርመኖቹን ቍርስ ላይ ሳሉ ድንገት ማረካቸው። ነገር ግን በኰረብታው ላይ የነበሩት መትረየሶች ዞረው ሲተኵሱባቸው 6ቱ ሞቱ፥ አለቃቸው ጭምር 3ቱ ቈሰሉ፤ ትእዛዙም በዮርክ እጅ ወደቀ። እርሱም በመትረየሶቹ ፊት ሆኖ ራሱን ቀና ያደረገውን እየለየ ይመታ ጀመር። ጥቂት ጀርመኖች ሳንጃ ወድረው ሲሮጡበት፥ በአገሩ አእዋፍ ሲያድን እንደለመደው የፊተኞቹ የኋለኞቹን መውደቅ አይተው እንዳይበተኑ ከመጨረሻው ጀምሮ በሽጉጥ ጣላቸው። በመካከሉም እጃቸውን እንዲሰጡ ደጋግሞ ይጮህ ነበር። በመጨረሻ የጀርመኖቹ መኰንን ሰዎቹን እጃቸውን እንዲሰጡ አዘዘ። ዮርክና የተረፉት 7 ባልንጀሮቹ 132 ምርኮኞች ነድተው ተመለሱ። በእርሱ እጅ የሞቱት ከ20 በላይ እንደሆኑ ተጽፏል። እነዚያ 7ቱ ሰዎች ግን ድርሻቸው እንደተረሳባቸው በኋላ ያማረሩ አሉባቸው፤ ዝና ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ስለሚመርጥ ቅሬታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጋዜጦች የጻፉት ይህን ሁሉ ነው። እኛ ግን ልብ የምንለው በማግሥቱ የሆነውን ነው። ዮርክ አለቃውን አስፈቅዶ ወደዚያ ስፍራ ተመለሰ። ምናልባት የቈሰለ ቀርቶ እንደሆነ ፈለገ፤ ማንንም ሕያው አላገኘም። በዚያም ቆሞ ለሞቱት ባልንጀሮቹ ጸለየ፥ ለጀርመኖቹም ጸለየ። ትናንት በገዛ እጁ የገደላቸውን ዛሬ በጸሎት ማሰብ ከድሉ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው።

ከፍተኛውን የአገሩን የጀግንነት ኒሻን ተሸልሞ በ1919 ዓ.ም. በግንቦት ወር ኒውዮርክ ሲደርስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። የሲኒማ ሠሪዎችና ነጋዴዎች በስሙና በመልኩ ለመጠቀም ብዙ ገንዘብ አቀረቡለት። ሰው በመግደሉ ገንዘብ መቀበልን አልፈለገምና ሁሉንም እምቢ ብሎ ወደ እናቱ ቤት ገባ። ሰኔ 7 ቀን የጐረቤቱን ልጅ ግሬሲን አገባ፤ ያጋባቸውም የክፍለ ሀገሩ ገዥ ራሱ ነበረ። 6 ወንዶችና 2 ሴቶች ልጆችም አሳደጉ። አንደኛውን ልጁን በዚያ መጽሐፍ ዘርግቶ ባነጋገረው በሻለቃው ስም ጠራው።

ከዚህ በኋላ ያለው 45 ዓመት በጦር ታሪክ ውስጥ አይጻፍም። በጦሩ ጊዜ ዓለምን አይቶ ሲመለስ የመንደሩ ልጆች እንደ እርሱ ሳይማሩ ማደጋቸው አሳዘነው። ስለዚህ በስሙ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር የራሱንም ጨምሮ በጄምስታውን ከተማ ትምህርት ቤት አቆመ፤ በ1926 ዓ.ም. ተከፈተ። ከአገሩ ሹማምንት ጋር ስለ ቦታውና ስለ አስተዳደሩ ብዙ ተከራከረ። ገንዘብ ሲጐድል እርሻውን በመያዣ አስይዞ የተማሪዎቹን ማመላለሻ መኪናና የመምህራኑን ደመወዝ የከፈለበት ጊዜ አለ። መስክሮ መጻፍ የሚያስፈልገን እንደ ሆነ አስተዳደር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በ1936 ዓ.ም. ከኃላፊነቱ ተነሣ፥ በማግሥቱም ዓመት ትምህርት ቤቱን መንግሥት ወሰደው። ልጆቹ ግን መማራቸውን አልተዉም፤ ትምህርት ቤቱም እስከ ዛሬ አለ።

20 ዓመት ሲለምኑት የቈዩትን የሲኒማ ሰዎች በመጨረሻ እሺ ያላቸው በመንደሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ስላስፈለገው ነው። ሲኒማው በ1941 ዓ.ም. ወጣ፥ ብዙ ገንዘብም አስገባለት። እዚህ ላይ ግን ተሰናከለ። ሂሳብ መያዝ ያልተማረ፥ የለመነውንም ሁሉ ባዶ እጁን የማይሰድድ ሰው ስለነበረ ገንዘቡ በእጁ አልቈየም፤ የግብር ሰብሳቢዎች ግን ያልከፈልኸው አለ ብለው ከሰሱት፤ ዕዳውም ከወለዱ ጋር 172,000 ዶላር ደረሰ። የመጽሐፍ ቅዱሱም ትምህርት ቤት ሕንጻው ተሠርቶ ብዙ ሳያገለግል ቀረ። ለበጎ ነገር ብሎ የተወውን ነገር መልሶ መያዙ ልክ ነበረ ወይስ አልነበረም? በዚህ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ ነገር ግን በ1919 ዓ.ም. እምቢ ያለው ዮርክ ከ1941 ዓ.ም. ዮርክ ይልቅ በሰላም ይተኛ እንደነበረ እንገምታለን።

በ1954 ዓ.ም. ደም መፍሰስ አንጐሉን መትቶት ከአልጋ ዋለ፤ 10 ዓመት ሚስቱ አስታመመችው። አልጋ ላይ ሳለ ዕዳው ስላልተከፈለ፥ በ1961 ዓ.ም. የአገሩ ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ በ25,000 ዶላር እርቅ ተፈጸመለት። የዚህ ዓለም ጀግና ለአገሩ ያደረገውን ከቈጠርን፥ አገሩ በአልጋው አጠገብ የዕዳ ወረቀት ይዛ መቆሟ ያሳፍራል፤ ደግሞም ያንን ዕዳ የከፈሉለት ብዙዎቹ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

መስከረም 2 ቀን 1964 ዓ.ም. በናሽቪል ከተማ በሚገኘው የወታደሮች ሆስፒታል በ76 ዓመቱ ዐረፈ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ሪጅዌይን እንደራሴ አድርጎ ላከ፥ ብዙ ሺህ ሕዝብም ወደ መንደሩ ወጣ። በዎልፍ ወንዝ አጠገብ ባለው የመንደሩ መቃብር ተቀበረ። ግሬሲ ከእርሱ በኋላ 20 ዓመት በመበለትነት ኖረች፤ በ1984 ዓ.ም. ስትሞት በጐኑ አሳረፏት።