ጆናታን ፖስተል፦ ለሰውና ለማሽን የተለየ መልስ

በትእዛዝ መስመር የሚሠራ አንድ ፕሮግራም የሚያወጣውን ጽሑፍ ሁለት ዓይነት አንባቢዎች ይጠቀሙበታል። ሰው ቃሉ ቢለወጥም ሐሳቡን ይረዳል፤ ስክሪፕት ግን የሚፈልገውን ቃል በሚጠብቀው ቦታ ካላገኘ ሥራው ይቋረጣል። ስለዚህ ለንባብ እንዲቀል ታስቦ የተደረገ ጥቂት ማሻሻያ የብዙዎችን ሥራ ሊያውክ ይችላል። ይህን ችግር ገና በኮምፒውተር መረቦች ጅማሬ ላይ በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ጆናታን ፖስተል ነበሩ።

ፖስተል በ1943 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ግዛት በአልታዲና ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1966፣ ሁለተኛውን በ1968፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ደግሞ በ1974 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ አገኙ። አርፓኔት በተዘረጋበት በ1969 የመረቡ የአሠራር ሰነዶች መውጣት ሲጀምሩ የአርታኢነቱን ኃላፊነት ተረከቡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልተለዩትም። በእነዚህ ሰነዶች ሥርዓት አንዴ የታተመ ጽሑፍ አይነካም፤ ማሻሻያ ሲያስፈልግ አዲስ ቁጥር ያለው ሰነድ ይወጣል፤ የትኛውን እንደሚተካም ይገለጻል። በቀድሞው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ የሠራ ሰው መሠረቱ ሳያውቀው አይለወጥበትም።

በ1974 ፖስተል ከባልደረቦቻቸው ጋር የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮሉን የመልስ ኮዶች ያሻሻለውን 640ኛውን ሰነድ አወጡ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ መልስ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርና ተከታይ ጽሑፍ አለው። ቁጥሩ ለፕሮግራሙ፣ ጽሑፉ ለሰው ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ብቻውን የሥራውን ውጤት ያሳያል፤ 2 ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፣ 4 ከሆነ ለጊዜው አልተቻለም፣ 5 ከሆነ ትእዛዙ በዚያው መልኩ ቢደገም አይሳካም። በመሆኑም አንድ ፕሮግራም ቀድሞ የማያውቀው ኮድ ቢደርሰውም በመጀመሪያው አኃዝ ተመርቶ ቀጣዩን እርምጃ መምረጥ ይችላል። ፖስተል በ1982 ባወጡት የኢሜይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮልም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

በ1980 ደግሞ በስማቸው የሚታወቀውን መርሕ አሰፈሩ፤ ይኸውም ላኪ በሚያወጣው ጥብቅ፣ ተቀባይ በሚቀበለው ቻይ እንዲሆን የሚመክር ነው። ሆኖም ነባሩን ሁሉ ይዞ መቀጠል አለብን ባይ አልነበሩም። አርፓኔት በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ከአሮጌው ፕሮቶኮል ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲሸጋገር ዕቅዱን ያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። ዕቅዱ የወጣው በኖቬምበር 1981 ነው፤ የመጨረሻውን ቀን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ በሽግግሩ ወቅትም አሮጌውንና አዲሱን የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ አስተላላፊዎች እንዲኖሩ ያዛል።

የፖስተል መርሕ ያለ ትችት አላለፈም። ተቀባዩ ስህተትን ሁሉ በትዕግሥት ካስተናገደ ስህተቱ ቀስ በቀስ ልማድ ይሆናል፤ በኋላ የሚመጣ ሠሪም እሱኑ ለመደገፍ ይገደዳል። የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ በ2023 ባወጣው ሰነድ ይህንኑ አደጋ በዝርዝር አሳይቷል። ሁለቱን አንባቢዎች የመለየቱ ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆይቷል። ዛሬ ጊት የተባለው መሣሪያ የፋይሎችን ሁኔታ ሲዘግብ ለሰው የሚያሳየው ጽሑፍ ከእትም ወደ እትም ሊለወጥ ይችላል፤ ለስክሪፕት ግን ቅርጹ እንደማይለወጥ ቃል የተገባለት የተለየ አማራጭ አለው። ይህ አማራጭ ባይኖር ኖሮ ሠሪው ወይ ማሻሻሉን መተው፣ ወይ የተጠቃሚውን ሥራ ማፍረስ ግድ ይሆንበት ነበር።

ፖስተል ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር በኦክቶበር 16 ቀን 1998 በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ያረሟቸው ሰነዶች ዛሬም በቀድሞ ቁጥራቸው፣ ቃላቸው ሳይለወጥ ይነበባሉ።