ከፈንጣጣ የተረፈው ሸክላ ሠሪ

በልጅነቱ ከሞት ደጅ ደርሶ የተመለሰ ሰው በተረፈለት ዕድሜ ምን እንደ ሠራበት መመርመር ለሁላችንም ይጠቅማል። ስለዚህ የእንግሊዛዊውን ሸክላ ሠሪ የጆሳያ ዌጅውድን ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን፤ የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆሳያ፥ በእኛ አጠራር ኢዮስያስ፥ በ1730 በስታፎርድሺር አውራጃ፥ በርስለም በምትባል ስፍራ ከሸክላ ሠሪዎች ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በ1739 ስለ ሞተ ገና ሕፃን ሳለ በወንድሙ ቤት ሥራ ጀመረ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ፈንጣጣ ያዘው። ይህ ደዌ በዚያ ዘመን ብዙዎችን ይገድል ነበር፤ ከተረፉትም የአንዳንዱን ዓይን ያጠፋ፥ የብዙውንም ፊት ያበላሽ ነበር። ልጁ በሕይወት ተረፈ፤ ነገር ግን የቀኝ ጕልበቱ ደክሞ ቀረ።

የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር በእግር እየተገፋ የሚዞር ነውና ይህ ለእርሱ ቀላል ጕዳት አልነበረም። በ1744 ለታላቅ ወንድሙ ለቶማስ የአምስት ዓመት ደቀ መዝሙር ሆኖ ቢገባም፥ እንደ ጓደኞቹ ዘወትር በመንኮራኩሩ ሊሠራ አልቻለም። እግሩ በከለከለው ጊዜ ግን ልቡናውን አሠራ፤ የጭቃውን ዐይነት፥ የቀለሙን ውሕደት፥ የእሳቱን ልክ ይመረምር ጀመር። በ1759 የራሱን ሥራ ቤት አቁሞ የሙከራውን ውጤት በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ነጣ ያለው የማዕድ ዕቃውም ንግሥት ሻርሎትን ደስ ስላሰኛት በንግሥቲቱ ማዕርግ ተሰየመ።

ሕመሙ ግን አልተወውም። በ1768 እግሩ ተቈረጠ፤ ሕመምተኛውን የሚያስተኛ መድኃኒት ገና ስላልተገኘ ሥቃዩን ነቅቶ ታገሠ። በእንጨት እግር እየሄደ በማግሥቱ ዓመት ኤትሩሪያ የተባለውን ታላቅ ፋብሪካ ከፈተ። የእቶንን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ስለ ሠራም በ1783 የአገሩ የሊቃውንት ማኅበር አባል ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ርኅራኄው ነው። በ1787 የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ከተነሡት ጋር ተባብሮ፥ በሰንሰለት የታሰረና በጕልበቱ ተንበርክኮ የሚለምን ጥቍር ሰው ምስል በትንሽ ሸክላ ላይ አሠርቶ ያለ ዋጋ አደለ። ምስሉን ብዙዎች በልብሳቸው ላይ አደረጉት፤ የሰውም ልብ በእርሱ ተነካ። ዌጅውድ በ1795 ስለ ሞተ፥ የእንግሊዝ ምክር ቤት ንግዱን በ1807 ሲከለክል አላየም። ኤድዋርድ ጄነር የፈንጣጣን ክትባት የፈተነውም በሞተ በዓመቱ ነው። ያ ደዌ ከአገራችን የጠፋው በ1976፥ ከዓለም መጥፋቱም የታወጀው በ1980 ነው።

አንባብያን ሆይ፥ እኛም ሸክላ ሠሪውን ስንንቅ ብዙ ዘመን ኖረናል፤ በቤታችን የታመመውንም ልጅ ከእንግዲህ ለሥራ አይሆንም ብለን ተስፋ ቈርጠንበት ይሆናል። ነገር ግን አንዱ መንገድ የተዘጋበት ልጅ ሌላ መንገድ ሊከፈትለት ይችላልና፥ ከአልጋው የተነሣውን ልጅ በትዕግሥት እናስተምረው፤ ነገ ለታሰረው የሚራራ እርሱ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?