አክሊሉ ለማና የእንዶድ አረፋ

ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ከአፋፋቸው ተርፈው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። የወረታ አካባቢ ገበሬም ሩዙን የሚያርመው እግሩን በዚያው ውኃ ነክሮ ነው። በጣና ዙሪያ በዝግታ የሚፈስ ወይም የሚተኛ ውኃ ግን የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድግ ትንሽ ቀንድ አውጣ አያጣም፤ ከእርሱ የሚወጣው እጭ የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህንን ሰንሰለት ለመበጠስ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ቀንድ አውጣ ፍለጋ በወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው፣ ከበላዩ ግን በሕይወት መኖራቸውን ተመለከቱ። በእንዶድ ያጠበ ሕዝብ ብዙ ነው፤ የወንዙን ላይና ታች ለማነጻጸር የቆመ ግን እርሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቀጥሎ በአድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ።

ከእንዶድ ፍሬ የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተባለ፤ ይኸውም በስማቸው ነው። ከሳፖኒኖች ወገን ነው። ሳፖኒን አንድ ወገኑ ውኃን፣ ሌላው ቅባትን የሚወድ በመሆኑ አረፋ ያወጣል፤ እድፍም ያለቅቃል። የሕዋስ ሽፋንም ከሁለት ረድፍ የቅባት ሞለኪውሎች የተሠራ ስለሆነ፣ ሳፖኒኑ በሽፋኑ ካለው ኮሌስተሮል ጋር ተያይዞ ይበሳዋል። ሁለት ሽፋኖች ተጋጥመው እንዴት አንድ እንደሚሆኑ በሚያሰላው የኮምፒዩተር ዘዴ ዛሬ ይህም ይመረመራል፤ ኮምፒዩተሩ የአቶሞቹን እንቅስቃሴ የሚከተለው ከሰከንድ ቢሊዮንኛው ክፍል እንኳ እጅግ ባነሰ እርምጃ ነው። በአክሊሉ ዘመን ማስረጃው በሣህን ውስጥ የሞተው ቀንድ አውጣ ነበር፤ ለመሐንዲስ ዓይን ይህም ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ያም ሆኖ በድሃ አገር ጓሮ የበቀለ ተክል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ኬሚካል ይተካል ብሎ የሚያምን ዓለም አቀፍ ድርጅት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። የመርዛማነት ምርመራ ይቅደም ተባለ፤ ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ግን ለዓመታት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ።

እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የፎገራ ውኃ መድረሻው ጣና፣ ጣናም የዓሣ አጥማጁ ማሳ ነውና፣ በዚህ ሜዳ የሚጨመረው መጠን፣ ቦታውና ወቅቱ አስቀድሞ መለካት ይኖርበታል።