ካርል ቴርዛጊና የተራራው ሸክም

ተራራ ሲቦረቦር፣ ተቆፍሮ የወጣው አለት ይሸከመው የነበረው ክብደት አብሮት አይወጣም። በግራና በቀኝ በቀረው አለት ላይ፣ በድንጋይ ከሰል ማዕድን ደግሞ ጣራውን እንዲደግፉ ሳይቆፈሩ በሚተዉት የከሰል ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። ምሰሶዎቹ ሳይችሉት ሲቀሩ ምን እንደሚከተል በ1960 ጃንዋሪ በደቡብ አፍሪካ በኮልብሩክ ማዕድን ታይቷል፤ 435 ሠራተኞች ከመሬት በታች ቀርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ይህን የማይታይ ሸክም መሐንዲስ ሊገምተውና ሊከታተለው የሚችል ነገር ካደረጉት ሊቃውንት መካከል ስመ ጥሩው ፕሮፌሰር ካርል ቴርዛጊ ናቸው።

ቴርዛጊ በ1883 ኦክቶበር 2 ቀን በፕራግ ከአንድ የኦስትሪያ ጦር መኮንን ተወለዱ። በወታደር ትምህርት ቤት አድገው በ1904 በግራትስ ከተማ በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ፤ ልባቸው ግን ከሞተር ይልቅ ወደ ሥነ ምድር ያደላ ነበር። በክሮኤሺያና በሩሲያ በግንባታ ሥራ ከቆዩ በኋላ በ1912 ወደ አሜሪካ ተሻግረው የግድብ ሥራዎችን እየተዘዋወሩ ተመለከቱ። አያሌ ማስታወሻ ይዘው ቢመለሱም፣ ከዚያ ሁሉ ዝርዝር አንድም ሕግ ማውጣት ስላልቻሉ ክፉኛ አዘኑ።

ሕጉን ያገኙት በኢስታንቡል ነው። በ1916 ለማስተማር ወደዚያ ሄደው፣ ከጦርነቱ በኋላ በሮበርት ኮሌጅ ከሲጋራ ሳጥንና ከተጣለ ዕቃ በሠሯቸው መሣሪያዎች የሸክላ አፈርን ጠባይ ይመረምሩ ጀመር። በአፈር ላይ ከሚያርፈው ጫና ውስጥ ውሃው የሚሸከመውን ከአፈሩ ቅንጣቶች ድርሻ ለይቶ የማየት ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ሥራ ነው። በ1925 ባሳተሙት መጽሐፍም የአፈር መካኒክስ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ።

አንዳንድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ፈጠን ብለው የሚያልፉት ምዕራፍ የቪየናው ነው። የሥራ ባልደረባቸው ፕሮፌሰር ፓውል ፊሉንገር በ1936 በቴርዛጊ ላይ ብርቱ የነቀፌታ ጽሑፍ አወጡ። የተሰየመው የሊቃውንት ጉባኤ ለቴርዛጊ ፈረደ፤ ፊሉንገርና ባለቤታቸውም በ1937 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ነቀፌታው ልክ ያለፈ ቢሆንም፣ ፊሉንገር በንድፈ ሐሳቡ ረገድ ከዘመናቸው የቀደሙ እንደ ነበሩ የኋላ ሊቃውንት መስክረዋል። የቴርዛጊን ታላቅነት ለማክበር ይህን መሸፈን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ለዋሻ ቆፋሪ የሚበጀው ሥራቸው ከዚህ ይጀምራል። በ1936 ባሳተሙት ሙከራ አሸዋ የሞላ ሣጥን ወለል ላይ ያለችው ሳንቃ ጥቂት ዝቅ ስትል፣ በላይዋ የነበረው ጫና እጅግ ቀንሶ ወደ ጎን እንደሚተላለፍ አሳዩ። መሬቱ በቅስት መልክ ራሱን ይደግፋል ማለት ነው። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ ሃርቫርድ ሄዱ። በ1946 ደግሞ በአልፕስ የባቡር ዋሻዎች ውስጥ ከተጨፈለቁ የእንጨት ድጋፎች የተገኘውን ልምድ ይዘው፣ አለትን እንደ ጠባዩ ከፋፍለው በድጋፍ ላይ የሚያርፈውን ሸክም ገመቱ። ስፋቱም ቁመቱም 5 ሜትር በሆነ ዋሻ ጤናማ አለት ምንም ሸክም ላያሳርፍ ይችላል፤ በጥልቅ ቦታ የሚጨመቅ አለት ግን እስከ 45 ሜትር ውፍረት ያለው አለት የሚያህል ክብደት ሊጭን ይችላል። በአንድ ተራራ ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ቴርዛጊ ፕላኑ በቁፋሮው ጊዜ ከሚታየው ጋር እየተመዛዘነ እንዲለወጥ አጥብቀው ያሳስቡ ነበር።

በአገራችን ይህን ያስተማረን የግልገል ጊቤ ሁለት ዋሻ ነው። ከዶዮገናና ከሆሳዕና በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከኦሞ ወንዝ ባሻገር፣ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ሰንጥቆ ውሃውን ወደ ኦሞ ሸለቆ ያደርሳል። በ2006 ኦክቶበር መቆፈሪያው መሣሪያ ፎልት ከሚባለው የተሰባበረ ቀጠና ጋር ተጋፍጦ፣ በግፊት የመጣው ጭቃ ወደ ኋላ ገፋው። በ2010 ጃንዋሪ በተመረቀ በጥቂት ቀናት ውስጥም 15 ሜትር ያህል ክፍሉ ፈረሰ፤ ጣቢያው ወደ ሥራ የተመለሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

ቴርዛጊ እስከ ዕድሜያቸው ማምሻ ድረስ ከግድብ ወደ ግድብ ሲዘዋወሩ ኖረው በ1963 ኦክቶበር 25 ቀን በ80 ዓመታቸው በማሳቹሴትስ ዐረፉ። በካናዳ በብርቱ የደከሙበት የሚሽን ግድብ በ1965 በስማቸው ተሰየመ።