የሞት ቅጣትን የሞገተው የሚላኖ ወጣት

የሞት ቅጣትን በሰረዙ አገሮች አሰቃቂ ግድያ በተሰማ ቁጥር ቅጣቱ ይመለስ የሚል ጥሪ ይነሳል። የኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ቅጣቱን እንደያዘ በመሆኑ ክርክሩ የሩቅ አይደለም። በዚህ ክርክር ሳይጠቀስ የማይታለፈው ሰው ቼዛሬ ቤካሪያ ነው።

ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1738 ሚላኖ ውስጥ ከባላባት ቤተሰብ ተወለደ። በ1758 ከፓቪያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። በ1761 አባቱ ያልፈቀዱለትን ልጅ አግብቶ ከቤተሰቡ ተቃቃረ። ዓይን አፋር ሰው ነበር። ወደ ወንጀል ሕግ የገፉት ወዳጆቹ የቬሪ ወንድማማቾች ናቸው። ፒየትሮ እንዲጽፍ አደፋፈረው። አሌሳንድሮ ደግሞ ለሚላኖ እስረኞች ጉዳይ የተሾመ ስለነበር በወህኒ ቤት የሚያየውን ያወጋው ነበር።

ስለ ወንጀልና ቅጣት የጻፋት ትንሽ መጽሐፍ በ1764 ሊቮርኖ ላይ ስትታተም ስሙን አልያዘችም። የፈራው አልቀረም፤ በ1766 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ አስገባቻት።

ቀድሞ ክርክሩ ገዳይ ሞት ይገባዋል አይገባውም የሚል ነበር። ቤካሪያ ግን የአንዱ መሰቀል ሌላውን ከመግደል ያስቀራል ወይ ሲል ጠየቀ። ለእሱ ስቅላት የአንድ አፍታ ትርኢት ነው፤ ሕዝቡ ደንግጦ ወይም አዝኖ ይበተናል፣ ይረሳዋልም። ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ታስሮ የሚለፋ እስረኛ የበለጠ መቀጣጫ ይሆናል አለ (ቤካሪያን ርኅሩኅ ብቻ አድርገው የሚያቀርቡት ይህን ይዘነጉታል)። ወንጀለኛን የሚገታው የቅጣቱ መክበድ ሳይሆን አለመቅረቱ ነው። ቅጣቱ ይመለስ የሚሉ ወገኖች እስካሁን በቅጡ ያልመለሱለት ይህን ይመስለኛል፤ ገዳዩ ካልተያዘ ገመዱ ማንን ያስፈራል? ያም ሆኖ ቤካሪያ ራሱ ታስሮም ለአገር ደኅንነት አስጊ ለሚሆን ሰው በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም።

የቶስካናው መስፍን ሊዮፖልድ በ1786 የሞት ቅጣትን ከሕጉ ሰረዘ። በ1790 ግን ቅጣቱ በከፊል ተመለሰ። የመለሰው የነፍስ ግድያ መበርከት ሳይሆን የሕዝብ ረብሻ ነበር።

ቤካሪያ በመጨረሻ ዘመኑ የሎምባርዲን የወንጀል ሕግ ለማሻሻል በተቋቋመ ኮሚሽን ውስጥ ተቀመጠ። በ1792 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሞት ቅጣትን ተቃውሞ የልዩነት ሐሳብ አቀረበ። በመጽሐፉ ብዙም ያልገፋበትን ነጥብም ጨመረ፦ ዳኛ ይሳሳታል፣ የተሰቀለ ግን አይመለስም። አብዛኞቹ የኮሚሽኑ አባላት አልተቀበሏቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1794፣ በ56 ዓመቱ እዚያው ሚላኖ ሞተ።